ወደ ውኃ ዳር ለሚወርድ ቤተ ሰብ

መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲጠራ፥ ዳግመኛም በጥር መጨረሻ ልጆች ፈተናቸውን ጨርሰው የመንፈቅ ዕረፍት ሲያገኙ፥ በየቤቱ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፥ «ዘንድሮስ ልጆቹን ይዘን ወዴት እንውጣ?» የሚለው ነው። በምንኖርበት በየካ፥ ከፈረንሣይ ለጋሲዮን እስከ ኮተቤ ባሉት ሰፈሮች፥ ደመወዝተኛውም ነጋዴውም በዕቁብና በቁጠባ ያጠራቀማትን ይዞ ልጆቹ አንድ ጊዜ እንኳ ሰፊ ውኃ እንዲያዩለት ይመኛል። ምኞቱም የሚያስመሰግን ነው። በእንጦጦ ነፋስና በባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ያደገ ሕፃን፥ ማዕበል ምን እንደ ሆነ በመጽሐፍ ብቻ አንብቦ መቅረት አይገባውም።

ይሁን እንጂ የዓመት ቁጠባ በሦስት ቀን የሚያልቅበት ጉዳይ ስለ ሆነ፥ ሥፍራውን መርምሮ መምረጥ ያስፈልጋል። የምናውቀው አንድ የኮተቤ ቤተ ሰብ፥ አባትና እናት ከአራት ልጆችና ከአንዲት አያት ጋር ሆነው፥ በሥዕል ብቻ አይተው ወደ መረጡት ወደ አንድ የሐይቅ ዳር ሆቴል ሄደው ነበር። የሆቴሉን ስም አንጠራም። ግቢው ያማረ፥ አጥሩ የረዘመ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ምሳ ዓሣ አዘዙ። አያቲቱ ዓሣውን ቀምሰው ጣዕሙ ቢለይባቸው አስተናጋጁን ጠየቁት፤ እርሱም ሳይደብቅ፥ «እማማ፥ ይህ ከአዲስ አበባ በበረዶ ተጭኖ የመጣ ነው» አላቸው። አያቲቱም፥ «እኛስ ከየት መጣን ልጄ?» አሉት። ልጆቹ ሲመለሱ ስላዩት ነገር ብንጠይቃቸው የመዋኛ ገንዳውንና ቴሌቪዥኑን ነገሩን። ከሐይቁ ዳር ከሚኖረው ሰው ጋር አንድ ቃል እንኳ አልተነጋገሩም፤ ጀልባ ከውኃ ሲወጣም አላዩም።

ስለዚህ በዚህ ወር ጽሑፋችን የምንመክረው ይህን ነው። ለዕረፍት የሚመረጠው ሥፍራ በውኃው የሚኖር ሥፍራ ይሁን፤ ይኸውም ዓሣ አጥማጁ በማለዳ የሚገባበት፥ ያገሩም ሰው ከልጆቹ ጋር ተቀምጦ የሚበላበት ማለት ነው። ማደሪያው ንጹሕ ከሆነ ይበቃል። ማዕዱ ግን ያገሩ መሆን አለበት።

ከደጋ ወደ ውኃ መውረድ ለዚህ አገር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በእንጦጦ ከትመው በነበሩበት ዘመን፥ ብርዱና ነፋሱ ሲበረታ፥ ቤተ መንግሥቱና መኳንንቱ ወደ ፍል ውኃ እየወረዱ በድንኳን ይሰነብቱ ነበር። በ1879 ዓ.ም. እቴጌይቱ ያን ሥፍራ አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። ይህች ታላቅ ከተማ ከውኃ ዳር ዕረፍት ተወለደች ብንል ከእውነት አንርቅም። በከተማይቱ የመጀመሪያውን ሆቴል ያሠሩትም እኚሁ እቴጌ ናቸው። በዚያን ጊዜ ምግብን በገንዘብ ገዝቶ መብላት ለጨዋ ሰው እንደ ነውር ይቈጠር ነበርና፥ መኳንንቱን ማላመድ ቀላል አልነበረም። ዛሬም በየካ አንዳንድ እናቶች የመንገድ ስንቅ በሶና ዳቦ ቋጥረው ካልሆነ አይነሡም፤ እኛም አንነቅፋቸውም፤ ለመንገዱ ይያዝ፤ ከደረሱ በኋላ ግን አገልግሉን ዘግቶ ያገሩን ማዕድ መቅመስ ይሻላል።

ባሕር የሚለው ቃላችን ሰፊ ነው። አባቶቻችን ጨዋማውንም ጣፋጩንም ውኃ ባሕር ይሉት ነበር፤ ከጣና ዳር ያለችው ከተማ ባሕር ዳር የተባለችውም ስለዚህ ነው። እውነተኛው የጨው ባሕር ግን ከእጃችን ርቋል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓመታት አቅም የነበራቸው የአዲስ አበባ ቤተ ሰቦች በአስመራ በኩል ወደ ምጽዋ ይወርዱ ነበር። ከአስመራ ደጋ ተነሥቶ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ሲያቈለቍሉ፥ ጠዋት ካፖርት የለበሰ ሰው ከቀትር በፊት በሸሚዝ ይቀራል። በጉርጉሱም አሸዋ ላይ ዋኝቶ፥ ማታ በከተማው ውስጥ ከጀርባው ለሁለት ተከፍቶ በርበሬ የተቀባና በጥልቅ የሸክላ ምድጃ የተጋገረ ዓሣ ከትኩስ ቂጣ ጋር መብላት የዚያ ዘመን ወግ ነበር። ይህ የአጋገር ጥበብ ከቀይ ባሕር ማዶ ከየመን የመጣ ነው። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ኤርትራ ራስዋን የቻለች መንግሥት ናት፤ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. እንደ ገና የተጀመረው የአዲስ አበባና የአስመራ በረራም ከነሐሴ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ተቋርጧል።

ያው የየመኖች ምድጃ ግን በጅቡቲም አለ። የቀድሞው የፈረንሣዮች ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ ጀምሮ የከተማችን ሰው ጅቡቲን ያውቃታል፤ በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀውና በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡርም 750 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ እዚያ ያደርሳል። ጣቢያው ለቡ ስለ ሆነ፥ ከየካ የሚነሣ ሰው ከተማውን በሙሉ አቋርጦ በጊዜ መድረስ አለበት። የቪዛውንና የመነሻውን ቀን ነገር አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ከግንቦት እስከ መስከረም ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ፥ ሕፃናትንና ሽማግሎችን ይዞ በዚያ ወራት መሄድ ጭካኔ ነው፤ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ የካቲት ያለው ይሻላል። አገሩ የእስላም አገር ስለ ሆነ የረመዳን ወር የሚውልበትን ጊዜ አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ ምግብ ቤቶች ቀን ዘግተው ማታ ይከፍታሉ። የጅቡቲ ኑሮ ከእኛ ይልቅ ውድ ነው። ሰባት ነፍስ ላለው ቤተ ሰብ ጕዞው ከባድ መሆኑን ሳንደብቅ እንናገራለን።

እንግዲህ አብዛኛው ቤተ ሰብ የሚያስበው ስለ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ነው። በጥቅምት ጥርት ባለ ቀን በእንጦጦ ማርያም አጠገብ ቆሞ ወደ ደቡብ የሚመለከት ሰው የዝቋላን ተራራ ያያል፤ ሐይቆቹ ከዚያ ወዲያ በተርታ ተዘርግተዋል። ከሁሉ የሚቀርበው ቢሾፍቱ ሲሆን ርቀቱ ከ50 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ በጠዋት ሄዶ ማታ ለመመለስ ይመቻል። ሐይቆቹ በእሳተ ገሞራ አፍ የተፈጠሩ በመሆናቸው ከዳር ጥቂት እንደ ተራመዱ በድንገት ይጠልቃሉና ልጅ በዚያ አይለቀቅም። የቢሾፍቱም ምግብ ቤቶች የሚታወቁት ከዓሣው ይልቅ በጥብሱና በክትፎው ነው።

ላንጋኖ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውኃው ቡናማ ስለ ሆነ ሲያዩት ያስፈራ እንጂ፥ የቢልሃርዚያ በሽታ የለበትም ተብሎ ስለሚታመን ለዋና ከሌሎቹ ይመረጣል። ነገር ግን በዳርቻው ላይ ከተማ የለም፤ ያሉት የታጠሩ የሆቴል ግቢዎች ናቸው፤ የሚበላውም ሆቴሉ ያቀረበውን ነው። መዋኘት ብቻ ለሚፈልግ ላንጋኖ ይበቃዋል፤ ያገሩን ሰውና ያገሩን ማዕድ ለሚፈልግ ግን አይበቃውም።

ስለ ጣና ብዙ ማለት በተቻለን ነበር። በዓለም በሌላ ሥፍራ የማይገኙ ብዙ የዓሣ ዓይነቶች በዚያ አሉ፤ የደሴቶቹ ገዳማትም አሉ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ምክንያት ግን፥ የመንገዱን ሁኔታ ከዚያው ከሚኖር ዘመድ ሳይጠይቅ ማንም ቤተ ሰቡን ይዞ አይነሣ። ይህን ጥንቃቄ ወደ ደቡብ ለሚሄደውም እንናገራለን፤ የዛሬን መንገድ የሚያውቀው የትናንቱ ተጓዥ ነው።

የቀሩት ሁለቱ ሥፍራዎች እንደ ምክራችን በውኃቸው የሚኖሩ ናቸው። አንደኛዋ ባቱ፥ የቀድሞ ስሟ ዝዋይ፥ 160 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ናት። በሐይቁ ውስጥ ካሉት ደሴቶች በአንደኛው በቱሉ ጉዶ የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም ይገኛል፤ በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ተሰዳ በዚያ እንደ ተቀመጠች የአካባቢው ትውፊት ይናገራል። የደሴቶቹ ተወላጆች ዛይ ይባላሉ፤ ከጥንት ጀምሮ በዓሣና በእርሻ የኖሩ ናቸው። የጥምቀት በዓል በሐይቁ ዳር ሲከበር ማየት ለልጆች የማይረሳ ነገር ነው፤ ማደሪያ ግን በዚያ ሰሞን አይገኝምና ቀደም ብሎ ማስያዝ ያሻል። ከጀልባ መውጫው አጠገብ ያሉት ዓሣ ቤቶች ወንበራቸው የእንጨት፥ ጣሪያቸው የቆርቆሮ ነው። ይህን አይቶ የሚመለስ ሰው ይሳሳታል።

ሁለተኛዋ ሐዋሳ ናት፤ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። እኛ ከሁሉ የምንመርጣት እርሷን ነው። የዓሣው ገበያ አሞራ ገደል ይባላል። በማለዳ ጀልባዎቹ ወደ ዳር ሲጠጉ መረቡ ይዘረገፋል፤ ወጣቶቹ ቢላዋቸውን ይዘው ተቀምጠው ዓሣውን ይገፋሉ፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ራሰ በራ ታላላቅ አሞራዎች እንደ ሽማግሌ ትከሻቸውን ሰብቀው የሚጣልላቸውን ይጠብቃሉ። አንዳንዱ አባ ኮዳ ከስድስት ዓመት ልጅ ቁመት ይበልጣልና፥ ሕፃናት ዓሣ በእጃቸው ይዘው አይጠጉት። ጦጣዎቹም ከሰው እጅ መንጠቅ ለምደዋል። የተማሪ ልጆች አባት ይህን ገበያ ለአንድ ሰዓት ያህል ቢያስጐበኝ፥ በክፍል ውስጥ በአንድ ወር የማይማሩትን ይማሩበታል፤ መረብ የሚጥለው፥ የሚገፋው፥ የሚጠብሰውና የሚሸጠው ሁሉ በአንድ ሥፍራ ይታያልና።

በዚያው አጠገብ ባሉት መጥበሻ ቤቶች ዓሣው ሙሉውን ጎኑ በቢላዋ ተተልትሎ በዘይት ይጠበሳል፤ ከእንጀራ ወይም ከዳቦ ጋር፥ ዳጣ ከሚባለው የቃሪያ ማጣፈጫ ጋር ይቀርባል። የዓሣ ሾርባ፥ የዓሣ ጉላሽና የዓሣ ዱለትም አለ። ጥሬውን የሚበሉ ሰዎች አሉ፤ የሆድ ትል ያመጣልና ለልጅ ቀርቶ ለአዋቂም አንመክረውም። ከሐይቁ ራቅ ብሎ በከተማው ውስጥ የሲዳማ ምግብ የሚያቀርቡ ቤቶች ይገኛሉ፤ ከእንሰት ተሠርቶ በቅቤ የሚበላውን ቡርሳሜ በፍስክ ቀን መቅመስ ለደገኛ እንግዳ ነገር ነው፤ አያቶች ግን ከልጆች ቀድመው ሲወዱት አይተናል።

ስለ ምግብ ቤት አመራረጥ ልምዳችንን እንንገራችሁ። በር ላይ ቆሞ እጅ እየጎተተ ከሚጠራ ይልቅ፥ ማንም ሳይጠራ የሞላው ቤት ይሻላል። ከበሉት መካከል እናትና ልጆች፥ ከሥራ የወጡ ሠራተኞች፥ የሰፈሩ ሽማግሎች ካሉ ያ ቤት የታመነ ነው፤ መንገደኛ አንድ ቀን ቢታለል አይመለስም፥ ጎረቤት ግን ሁልጊዜ ተመላላሽ ነውና ባለቤቱ አያታልለውም። ከመቀመጥ በፊት የእጅ መታጠቢያውንና የመጥበሻውን ዘይት ተመልከቱ፤ ዘይቱ እንደ ቡና ከጠቆረ ውጡ። ከዚያም ዓሣውን ጥሬ ሳለ አሳዩን በሉ። ዓይኑ የጠራ፥ ስንጥቡ የቀላ፥ ሥጋው ሲጫኑት የሚመለስ ከሆነ የዛሬ ነው። ዋጋውንም ሳይጠበስ ጠይቁ፤ ከተበላ በኋላ የሚጠየቅ ዋጋ ጠብ ያስነሣል።

ለኦርቶዶክሳውያን ቤተ ሰብ ደግሞ ሙሉውን ዓሣ መጠየቅ ሌላ ጥቅም አለው። በኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት ያለው ይበላ ተብሏል። ቆሮሶ ቅርፊት አለው፤ አምባዛ ግን የለውም፤ ስለዚህም ብዙዎች እናቶቻችን አምባዛን አያስገቡም። አጥንቱ ወጥቶ ተቈራርጦ የቀረበ ሥጋ ግን ከየትኛው እንደ ሆነ በዓይን መለየት ያስቸግራል። እንዲሁም ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ ጥቃቅን ቆሮሶ ከቀረበላችሁ አትግዙ። ሳይራባ የተያዘ ነውና፥ ያን መብላት የሚመጣውን ዓመት ዓሣ መብላት ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ዓሣ እየቀነሰ የመጣበት አንዱ ምክንያት ጠባብ ዓይን ባለው መረብ መጠመዱ ነው።

የመሄጃውን ጊዜ ቀን መቍጠሪያ አይቶ መወሰን የዚህ ሁሉ መጀመሪያ ነው። ከመስከረም 1 ቀን እስከ ኅዳር 14 ቀን ከረቡዕና ከዓርብ በቀር ጾም የለም፤ አየሩም መልካም ነው። ከገና በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም ያለው ጊዜም ይመቻል፤ የነነዌ ሦስት ቀን በመካከሉ መግባቱን ግን አትርሱ። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾሙ፥ ለአጭር ጕዞ ከእነርሱ የሚሻል የለም። በነሐሴ ትምህርት ቤት ዝግ ነው ብሎ የሚነሣ ቤተ ሰብ ፍልሰታን በሆቴል ይጾማል፤ ያውም በዝናብ። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አናነሣም፤ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ሐዋሳ በቅዱስ ገብርኤል ክብረ በዓል ትሞላለች፤ ለመሳለም የሚሄድ ይሂድ፤ ለማረፍ ግን ሌላ ቀን ይምረጥ።

በውጭ አገር ያሉ ልጆቻቸው ጠርተዋቸው እስከ ሜዲትራንያን ባሕር ለሚደርሱ ወላጆችም አንድ ሁለት ቃል እንጨምር። ለትንሣኤ ኢየሩሳሌምን ለመሳለም የሚሄዱት ምእመናን ኢዮጴን ያውቋታል፤ ዮናስ መርከብ የተሳፈረባት፥ ቅዱስ ጴጥሮስ በቍርበት ፋቂው በስምዖን ቤት ያደረባት የባሕር ዳር ከተማ ናት። በኢጣልያም ሆነ በግሪክ የሚሠራው ያው ከላይ የነገርናችሁ ነው፤ በዳርቻው ላይ በሥዕል ያጌጠ የምግብ ዝርዝር ከዘረጋው ቤት ይልቅ፥ ሁለት መንገድ ወደ ውስጥ ገብቶ ያለው፥ የዕለቱን ምግብ በጠመኔ የሚጽፈው ቤት ይሻላል። በኢጣልያ የዓሣ ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በመቶ ግራም ነውና፥ ርካሽ መስሏቸው ሙሉውን ያዘዙ ሰዎች ሒሳቡ ሲመጣ ይደነግጣሉ። ግሪኮች በጾም ዓሣን ከልክለው፥ ደም የለውም በማለት ሸርጣኑንና የባሕር ቀንድ አውጣውን ይበላሉ፤ ለእኛ ሰው ግን በኦሪቱ ሥርዓት ይህ አይሆንለትም። ደግነቱ በዚያው ቤት ታላላቅ ነጭ ባቄላ በቲማቲም የተጋገረ፥ የሜዳ ጎመንም በወይራ ዘይት የተቀቀለ አይጠፋም።

ወደ ሐዋሳችን እንመለስና፥ ስለ ጤና ያለውን በአጭሩ እንናገር። በሐዋሳ፥ በባቱና በጣና ውኃ ቢልሃርዚያ ስለሚገኝ፥ ልጆች በዳር ባለው ሣርና ቄጤማ ውስጥ እግራቸውን አይንከሩ፤ በሐዋሳ ጉማሬም አለ። ደገኛ ሕፃን ወባን አይችልምና አጎበር ከቤት ይያዝ፤ ከተመለሱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት የተነሣበት ልጅ «ጉንፋን ነው» ተብሎ አይተኛ፤ ወደ ሐኪም ተወስዶ ወዴት ሄዶ እንደ ነበር ይነገር።

ከየካ የሚነሣ ሰው ከመገናኛ ወደ ቃሊቲ መናኸሪያ በማለዳ መድረስ አለበት። ሐዋሳ ሲደርስ ገበያው አልፎ የማለዳው ዓሣ ተሽጦ ስለሚያገኘው፥ በዚያ ዕለት በፍቅር ሐይቅ ዳር ተናፍሶ ይደር፤ በማግሥቱ ከልጆቹ ጋር አንድ ሰዓት ላይ አሞራ ገደል ይገኝ። አያቶችን በጥላው ሥር አስቀምጡ፤ ዓሣውን ራሳችሁ ሄዳችሁ ምረጡ፤ ዳጣውንም ለብቻው በትንሽ ሳሕን አስመጡ፤ ልጆቹ እንደ ቲማቲም መስሏቸው በማንኪያ እንዳይዝቁት።